የህብለ ሰረሰር ጉዳት ቅኝት ከሆስፒታል በር ይለፍ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ አገራችን ለህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ለሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ጉዳት ወጥ የሆነ ብሔራዊ የቅኝት፣ ማለትም ጉዳቱን በቀጣይነት የመመዝገቢያና የመከታተያ፣ ሥርዓት ያስፈልጋታል የሚለውን ሐሳብ ከልብ እደግፋለሁ። ሥጋቴ ግን ሥርዓቱ ሆስፒታል የተኙትን ቆጥሮ የሚያበቃ ሆኖ እንዳይታቀድ ነው።

ችግሩ ከቆጠራው ይጀምራል። ከምሥራቅ ሐረርጌ የመጣ አንድ ተጎጂ መጀመሪያ እዚህ ድሬዳዋ ባለው ድል ጮራ ሆስፒታል ሊታይ፣ ከዚያ ሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና፣ ሲብስም አዲስ አበባ ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል። ሦስቱም ሆስፒታሎች ቁጥሩን በየራሳቸው ደምረው ቢልኩ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል፤ መንገድ ላይ ሕይወቱ ያለፈው ደግሞ ከፖሊስ መዝገብ አያልፍም። ስለዚህ የተጎጂው ምስጢር በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መሠረት ተጠብቆ፣ መዝገቦቹ በፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ቢተሳሰሩ መልካም ነው። ከአደጋ ውጭ የሚመጣው፣ ለምሳሌ በአከርካሪ ቲቢ የሚደርሰው ጉዳት፣ ይካተት ወይስ አይካተት የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሰዎች ለዚህ ጉዳት እንደሚዳረጉ ገምቶ፣ አብዛኛው መንስኤ የትራፊክ አደጋ፣ መውደቅና ጥቃት መሆኑን ገልጿል። ሆኖም «የመኪና አደጋ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መዝገብ መንገድ ለሚሠራውም ሆነ ለትራፊክ ፖሊስ የሚነግረው ነገር የለም። አደጋው በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው ወይስ በከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ ነው ወይስ በጭነት መኪና፣ የወደቀው ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ሲሠራ የነበረ የግንባታ ሠራተኛ ነው ወይስ ሌላ፣ ይህ ሁሉ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ እንዲመዘገብ የምፈልገው ተጎጂው እንዴት እንደመጣ ነው። ለመርዳት የተሯሯጡ መንገደኞች በብብትና በእግር አንሥተው፣ ወገቡን አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቡት በአጥንቱ ስብራት ላይ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ሊጨመርበት ይችላል። ርኅራኄያቸውን መንቀፌ አይደለም፤ አምቡላንስ በሌለበት ሌላ ምን ያድርጉ? ነገር ግን ስንቱ በቃሬዛ፣ ስንቱ በባጃጅ እንደመጣ ካልታወቀ አምቡላንሱም ሆነ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው የት እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። የጉዳቱን መጠን ከ«ኤ» እስከ «ኢ» የሚለየው ዓለም አቀፍ መለኪያም ኤምአርአይ አይጠይቅም፤ የሠለጠነ ባለሙያ በመርፌና በጥጥ ስሜትን፣ በእጁ የጡንቻን ጉልበት መርምሮ ይወስነዋል። ሲገባና ሲወጣ ሁለት ጊዜ ይመዝገብ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚዘነጋው። የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብዙዎችን የሚጎዳው ቤት ከገቡ በኋላ ነው፤ በዚያው ሪፖርት መሠረትም ተጎጂዎች ያለዕድሜያቸው የመሞታቸው ዕድል ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሕይወት አለ ወይ፣ ቁስል አለው ወይ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አግኝቷል ወይ ብለው ጠይቀው ቢያስመዘግቡ፣ አሁን ከዓይናችን የሚሰወሩት ሰዎች ይታያሉ።

ሙከራው ሕሙማን በሚላላኩት በድሬዳዋና በሐረር መካከል እንዲጀመር፣ ቅጹም ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ለጤና ሚኒስቴርና ለሁለቱ ጤና ቢሮዎች ሐሳቤን አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ