ዋስ ለሌለው ማን ዋስ ይሁነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ይህ ቁልጭ ብሎ ይታየናል። ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን የምትወርደው እናትና ከሱብሒ ሶላት የሚመለሰው አባወራ አንድ ደረጃ ላይ ይተላለፋሉ። "እንዴት አደሩ" ይባባላሉ። ስለዚህ አብሮ መኖር ብዙ ተጽፏል፤ ደግ ነው። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን ከማንኛችንም ቤት ስላልሆነው ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያኑም፣ በመስጊዱም፣ በጸሎት ቤቱም መዝገብ ላይ ስሙ ስለሌለው።

እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን ዳር ዳር ብዙ ነው። ያላለቀ ሕንጻ የሚጠብቅ አለ። ቀን አሸዋና ብሎኬት ሲያወርድ ውሎ ማታ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያድር ልጅ አለ። ከገጠር መጥታ ደላላ ጋ ሥራ የምትጠብቅ ልጅ አለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከካዛንቺስና ከፒያሳ የተነሡ ሰዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳር ሰፈሮች መጥተዋል። እነሱ ቤት አላቸው። የእናት አባታቸው እድርና ሲቸግር በሩን የሚያንኳኩት ጎረቤት ግን እዚያው ቀርቷል።

እኔ የጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። በየወሩ በ12 ሚካኤልን እንዘክራለን። አንዳችን ስንታመም ተራ ገብተን እንጠያየቃለን፤ ሐኪም ቤት የሚያድር ሰው አናጣም። የጴንጤዎቹ የቤት ኅብረትም፣ የመስጊዱ ጀመዓም ለራሳቸው ሰው እንደዚያው ናቸው። ለወገናችን መድረስ እናውቅበታለን። የምንቆመው ወገናችን ያልሆነው ጋ ስንደርስ ነው።

ምግብ ላይ እንኳን መንገዱ ቀላል ነው። በሌላው ጊዜ ሥጋ ይለየናል፤ አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። በጾም ወቅት ግን የምስር ሳምቡሳ ማንንም አያስቀይምም። የኛ ብሎክ ሴቶች ይህን አይተው ዘንድሮ ሊጡን አንድ ላይ ማቡካት ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ መግቢያው ላይ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ትልቁ ብረት ድስት ይጣዳል። አንዷ ትጠቀልላለች፣ አንዷ ትጠብሳለች፣ ሕጻናቱ ይሻማሉ። መግሪብ ሲቃረብ ግማሹ ወደ ፎቅ ይወጣል። ግማሹ በሳፋ ሆኖ ፊት ለፊታችን ወዳለው ግንባታ ይሻገራል። የቀን ሠራተኞቹ ሲሚንቶውን ከእጃቸው አስለቅቀው ይበላሉ። የማን ሃይማኖት ተከታይ እንደሆኑ የሚጠይቃቸው የለም። በጣም ደስ ይላል።

ከሳምቡሳ የሚከብድ ነገር ሲመጣ ግን እንበተናለን። ባለፈው ክረምት ከዚያው ግንባታ አንድ ዘበኛ ሞተ። አገሩ ጋሞ ነው። ጓደኞቹ አስከሬኑን ለቤተሰቡ ለመላክ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። መቀመጫ ስላልነበራቸው ካፊያው እየወረደባቸው ብሎኬት ላይ ተደርድረው አመሹ። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ኮሙናል (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ውስጥ የእድር ድንኳን ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ወንበሩም ተደራርቧል። ተጠየቀ። "አባል አይደለም፣ ደንቡ አይፈቅድም" ተባለ። እድር ያለ ደንብ እንደማይቆም አውቃለሁ። ግን ያ ደንብ የወጣው መዋጮ ሳይከፍል ሲቸግረው ብቻ ብቅ የሚለውን ለመከላከል ነው። ለአንድ ማታ ድንኳን ቢዋሱ ከእድሩ ሳጥን የሚጎድል ሳንቲም አልነበረም። በመጨረሻ ሸራ ይዘው የወጡት የሦስተኛ ፎቅ እናታችን ናቸው። ቡናም አፈሉላቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ሟቹ ጴንጤ ነበር።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ዋስ ነው። ይህን ረጋ ብለን ብናስብበት እወዳለሁ። ለጥበቃም፣ ለቤት ሠራተኝነትም፣ ለሱቅም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ደግሞ ሊኖረው የማይችለው አንዱ ነገር እሱ ነው። ማንም አያውቀውማ! ስለዚህ ጉልበትም፣ ፍላጎትም፣ ታማኝነትም እያለው ይቀመጣል። ልጅቷ ተመልሳ ደላላው እጅ ትወድቃለች፤ ደላላው የሚያስገባት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያጣራላት የለም።

አንድ ማኅበር ግን ዋስ መሆን ይችላል። ጥቂት ሳምንት አብሯት ቡና ጠጥቶ፣ ከአገሯ ሰዎች ጠይቆ፣ "እናውቃታለን" ማለት ይችላል። "ብትሰርቅስ?" የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ፈርሞ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። በማኅበር ሲሆን ግን ሸክሙ ለሁሉም ይከፋፈላል። ቢጠፋም ከሳጥኑ ይከፈላል። ለዓመታዊ ድግስ የምናወጣውን የምናውቅ ሰዎች ይህን አንችልም ማለት የለብንም።

ማኅበሩ ግን በምላሹ ምንም መጠየቅ የለበትም። በእርዳታ ስም ሃይማኖት ማስቀየር በአገራችን ብዙ ቅሬታ አስነስቷል፤ ችግረኛውም ስለሚያውቀው እጁን ሲዘረጋ ይሳቀቃል። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ተሰደው አክሱም የገቡትን ሙስሊሞች ክርስቲያኑ ንጉሥ ነጃሺ ተቀብሏቸዋል። የመካ ጎሣ የሆኑት ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው "መልስልን" ብለው ሲልኩበት እንግዶቹን ሰምቶ አልሰጥም አለ። ለማያውቃቸው ሰዎች ዋስ ሆነ ማለት ነው። ወደኔ ሃይማኖት ግቡ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠባቸውም። ይህን ታሪክ በየበዓሉ መድረክ ላይ ሁላችንም እንጠቅሰዋለን። የነጃሺን ሥራ በብሎካችን ልክ ብንሠራው ደግሞ የበለጠ ያምርብናል። አያት ያለው መቄዶንያ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" ብሎ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያነሣው በዚህ መንገድ ነው።

በመጪው ሚካኤል ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። ወንበራችንና ብርጭቆአችን አባል ላልሆነ ሀዘንተኛም ያለ ክፍያ እንዲሰጥ። ከዚያም ለአንድ ሰው፣ ለጊዜው ለአንድ ብቻ፣ በማኅበሩ ስም ዋስ እንድንሆን። የሦስተኛ ፎቋን እናታችንንና የጴንጤዎቹን ወንድሞች አብረን ብናማክርም ደስ ይለኛል። በጀሞ፣ በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ይህን የሞከረ ማኅበር፣ ጀመዓ ወይም ኅብረት ካለ፣ የዋስትናውን ውል እንዴት እንደጻፋችሁና ኪሳራ ሲመጣ እንዴት እንደተካፈላችሁ በዚሁ ዓምድ ጻፉልን።

አንድ የጽዋ ማኅበርተኛ፣ ከኮዬ ፈጬ