ምክንያቱ ያልተነገረ ቁጥር አይጻፍም፦ የሱዶኩ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ በክበባችን አንድ ሕግ ነበር። ምክንያቱን ያልተናገረ ተማሪ ቁጥር አይጽፍም። "መሰለኝ" አይሠራም። "ሞክሬው ነው" አይሠራም። ይህ ካሬ 4 ነው ካልክ፣ ለምን 5 ወይም 7 እንደማይሆን ለጓደኞችህ ታስረዳለህ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ተሰላችተው ነበር። መልሱን ካገኘሁት ምን አጨቃጨቀኝ የሚል ፊት ነበር የማየው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሕጉን የሚያስከብሩት እነሱ ሆነዋል።

ሱዶኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ዘጠኝ በዘጠኝ ሰንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ዓምድ እና በእያንዳንዱ ሦስት በሦስት ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ስሙ የጃፓን ስለሆነ ብዙ ሰው ጨዋታውም እዚያ የተወለደ ይመስለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ያዘጋጀውም ሃዋርድ ጋርንስ የተባለ አርክቴክት እንደሆነ ይታመናል። ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ በ1984 ወሰደው። በ2004 መጨረሻ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ማተም ሲጀምር ዓለምን አዳረሰ።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በተለመደው ሱዶኩ አለፈ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ልጆቹ የጎደለውን እየፈለጉ መሙላት ቻሉ፤ ፈጣኖቹም ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ጀመሩ። እኔ ፍጥነቱን ብዙም አልወደድኩትም። እጅ ሲለምድ ጭንቅላት ያርፋል። ስለዚህ ከጥር በኋላ ሕጎቹን መለዋወጥ ጀመርን። ሰንጠረዡ ያው ነው፣ ቁጥሮቹም ያው ናቸው። አንድ አዲስ ሕግ ሲጨመር ግን የለመደው እጅ ሥራ ይፈታል።

ከሁሉ የተወደደው ኪለር ሱዶኩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድም ቁጥር ተሞልቶ አይሰጥም። በምትኩ ካሬዎቹ በነጠብጣብ መስመር ይታጠራሉ፤ ጥጉ ላይ ድምራቸው ይጻፋል። በአንድ አጥር ውስጥ ቁጥር አይደገምም። ሁለት ካሬ ታጥሮ 17 ከተባለ 8 እና 9 ብቻ ነው። 4 ከተባለ 1 እና 3 ነው፤ 2 እና 2 አይሆንም፣ ተደገመ። ሦስት ካሬ 24 ከሆነ 7፣ 8 እና 9። ልጆቹ ይህን ዝርዝር ደብተራቸው ጀርባ ላይ ጽፈው ሸመደዱት።

ትልቁ ቁልፍ ግን 45 ነው። ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ስለሚመጣ፣ የእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድ እና ሳጥን ድምር 45 ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ሣልኩ። ሦስት አጥሮች ሙሉ በሙሉ ውስጡ ገብተዋል፦ 17፣ 11 እና 14። አንዲት ካሬ ብቻ ቀርታለች፤ የእሷ አጥር ወደ ጎረቤት ሳጥን ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠች የ6ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ 3 ናት።" ለምን? "ሦስቱ ሲደመሩ 42 ናቸው። 45 ለመሙላት 3 ይቀራል።" ይህቺ ልጅ በክፍል ውስጥ ሒሳብ ላይ እጅ አውጥታ አታውቅም። እኔ ለዚህ ክበብ ጊዜዬን የምሰጠው እንዲህ ላሉት ልጆች ነው።

ታናናሾቹ ደግሞ ኬንኬንን ያዙ። የፈጠረው ቴትሱያ ሚያሞቶ የተባለ ጃፓናዊ አስተማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ሳጥን የለውም፤ ረድፍ እና ዓምድ ብቻ። አጥሮቹ ግን መቀነስ፣ ማባዛት እና ማካፈልም ይጠይቃሉ። ከ1 እስከ 4 በሚሞላው አራት በአራት ላይ በሁለት ካሬ "ሲባዛ 12" ከተባለ 3 እና 4 ነው። በሦስት ካሬ ከሆነ ግን 1፣ 3 እና 4 ሊሆን ይችላል፤ አጥሩ ከታጠፈ ደግሞ 2፣ 2 እና 3 ይቻላል፣ ሁለቱ 2ቶች አንድ ረድፍ ወይም አንድ ዓምድ ላይ እስካልዋሉ ድረስ። የማባዣ ሰንጠረዥ ለማስለመድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ቼዝ የሚችሉት በፈረስ ሕግ ፈነጠዙ። ፈረስ በአንድ ዝላይ የሚደርስባቸው ካሬዎች ተመሳሳይ ቁጥር አይይዙም። በንጉሥ ሕግ ደግሞ በሰያፍ የሚነካኩት እንኳ አይመሳሰሉም። ሚቼል ሊ የተባለ አዘጋጅ በ2020 ሁለቱንም ሕጎች አንድ ላይ አድርጎ፣ ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች የሆኑ ካሬዎች ተከታታይ ቁጥር አይያዙ የሚል ጨመረበት። ከ81 ካሬዎች የሞላው ሁለቱን ብቻ ነው፦ አንድ 1 እና አንድ 2። መልሱም አንድ ብቻ ነው! በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሲፈታ በቪዲዮ አየነው። "ሕጉ ራሱ መረጃ ነው ማለት ነው" አለ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ። እኔ በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከማስረዳው በላይ ነው የተናገረው።

ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን ማዘጋጀት ጀመሩ። ጭቅጭቁ የደራው ያኔ ነው። አንዱ በኩራት ኪለር ሱዶኩውን አምጥቶ ዘረጋ። ጓደኛው እርሳሱን ሳያነሳ፣ "ይሄ አይፈታም" አለው። አንድ ረድፍ ላይ 17 የሆነ ባለ ሁለት ካሬ አጥር አለ፤ እዚያው ረድፍ ላይ ደግሞ 16 አለ። 17 ማለት 8 እና 9 ነው። 16 ማለት 7 እና 9 ነው። ረድፉ ሁለት 9 ሊኖረው ነው። አዘጋጁ ትንሽ ተከራከረ፣ ከዚያ ላጲሱን አወጣ። በማግስቱ አስተካክሎት መጣ።

ሌላው ፈተና መልሱ ከአንድ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። በተለመደው ሱዶኩ፣ ሁለት ረድፍ፣ ሁለት ዓምድ እና ሁለት ሳጥን ላይ ብቻ ያረፉ አራት ካሬዎች ላይ 1 እና 2 ተቀያይረው መግባት ከቻሉ፣ ከአራቱ አንዱ የግድ ተሞልቶ መሰጠት አለበት። ካልሆነ ፈቺው የሚመርጥበት ምክንያት የለውም። የክበባችን ሕግ እዚህ ላይ አዘጋጁንም ያዘው ማለት ነው።

ስንት ቁጥር መስጠት ይበቃል የሚለውም አከራከረን። ተጨማሪ ሕግ ለሌለው፣ ለተለመደው ዘጠኝ በዘጠኝ መልሱ 17 ነው። 16 ብቻ ተሰጥቶት አንድ መልስ ያለው ሱዶኩ እንደሌለ የደብሊን ተመራማሪዎች በ2012 በኮምፒውተር ፈትሸው አሳይተዋል። እኛ ግን በእጃችን ልንደርስበት የምንችለውን አራት በአራቱን መረጥን፤ ከ1 እስከ 4 ነው፣ ሳጥኖቹም ሁለት በሁለት ናቸው። ጥያቄያችንንም ቀየርነው። ሞልተው የሚያልቁት ሰንጠረዦች ስንት ናቸው? የመጀመሪያው ሳጥን በ24 መንገድ ይሞላል። ከዚያ የመጀመሪያው ረድፍ ቀሪ በ2፣ የመጀመሪያው ዓምድ ቀሪም በ2 መንገድ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ የሚቀሩት 3 አማራጮች ብቻ ናቸው። 24 በ4 በ3፣ 288። ሦስት መሆናቸውን ሁለት የ8ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ጽፈው አረጋገጡ፤ አራተኛው ሙከራ የት ላይ እንደሚበላሽም በጣታቸው አሳዩን።

በግዕዝ ቁጥር መሥራት የልጆቹ ሐሳብ ነበር። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ሱዶኩም ዜሮ አይፈልግም። ከ፩ እስከ ፱ ልክ ይገጥማል። መጀመሪያ ፮ እና ፯ ያምታቷቸው ነበር፤ አሁን ሳያስቡ ይጽፏቸዋል። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፈልን ከልብ እናመሰግናለን።

በመጪው ዓመት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መግባት ይችላል። እርሳስ፣ ላጲስ እና ባለካሬ ደብተር ይበቃል። እስከዚያ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ያዘጋጀችው ይኸውላችሁ። ከ፩ እስከ ፬ ነው፤ ሳጥኖቹ ሁለት በሁለት ናቸው። የተሰጡት አራት ቁጥሮች ብቻ ሲሆኑ ፬ ከነጭራሹ የለም። መልሱ አንድ ነው። ስታስረክቡ ምክንያቱንም ጻፉ።

፩ □ □ □
□ □ ፪ □
□ □ □ ፫
□ ፫ □ □