ከምስሉ በፊት መሣሪያው ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በይፋ የለቀቃቸው፣ ምንነታቸው ያልታወቀ በራሪ አካላትን የሚያሳዩ ሦስት የባሕር ኃይል ቪዲዮዎች በተነሡ ቁጥር የቀረጻቸው መሣሪያ አሠራር መዘንጋቱ ያሳስበኛል። ካሜራው ሬይቲዮን የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ ሙቀትን እያነበበ ዒላማ የሚከታተል መሣሪያ ነው። «ጎፋስት» በተሰኘው ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ የባሕሩን ወለል ታክካ የምትከንፍ ትመስላለች፤ ሆኖም በስክሪኑ ላይ የሚነበቡት ርቀትና የካሜራው ማዕዘን ሲሰሉ ነገሩ 4 ሺሕ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደነበረ፣ የፍጥነቱም አብዛኛው ክፍል ካሜራውን ከተሸከመው ጄት ከራሱ እንቅስቃሴ የመነጨ የዕይታ ስሕተት እንደሆነ ይደረስበታል። ይህን ስል አብራሪዎቹን ማጣጣሌ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኒሚትዝ ከተባለው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሥተው የበረሩት ሌላ እንዲህ ያለ አካል በዓይናቸው ጭምር አይተዋልና። ስለዚህ ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለውን ዜና ሲያወጣ የስክሪኑን ቁጥሮች ከነትርጉማቸው አብሮ እንዲያትም አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ