ጥቂት መሆናችን ነው የሚያከብደው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአነስተኛ ክሊኒኮች ስላለው የሠራተኞች ጤና እንክብካቤ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የሠራተኛው ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ነገሩ ይቀላል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር አንጀቴን አሳረረችው። አምስት ሠራተኛ ባለበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የሚያከብደው ጥቂት መሆናችን ነው።

አንዳችን ስንታመም ተተኪ የለም። ምሳዬን ባንኮኒው ሥር አጎንብሼ፣ በአንድ እጄ ስልክ እያነሣሁ ስንት ቀን በልቻለሁ። አሠሪያችን ለጤናችን ብለው የስፖርት ሰዓት ሲመድቡልንም በዚያችው የምሳ ሰዓት አደረጉት። ታካሚውን ማን ይቀበል?

ቀጥሎ መጠይቅ መጣ። ስም አይጻፍም ተባልን፤ «የሥራ ድርሻ» የሚል ቦታ ግን ነበረበት። ካርድ ክፍል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። «እንቅልፍ ያጣሉ ወይ?» ለሚለው «አላጣም» ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁ። ሐኪሙ አሠሪዬም ናቸው፤ ደመወዜን የሚወስኑ ሰው ዘንድ ጭንቀቴን ይዤ እንዴት ልግባ? ዘጋቢያችሁ ያነጋገረው የክሊኒክ ባለቤቶችን ብቻ ስለሆነ ይህን ሊሰማ አይችልም ነበር።

ሠራተኛው ውጥረትን መቋቋም ይማር ብላችሁም ጽፋችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ የሥራ መዛልን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ፣ ሥር ከሰደደ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ አድርጎ ነው። በሽታ ነው አላለም። ታዲያ ሥራ ቦታው ሳይነካ እኔ ብቻ ምን እማራለሁ?

ጽዳት ሠራተኛዋማ ዘገባችሁ ውስጥ ጨርሶ የለችም። ባልደረባዬ ተራ ቆሻሻ ውስጥ በተጣለ መርፌ ስትወጋ አጠገቧ ነበርኩ። ጣቷን በውኃና በሳሙና አጥባ መወልወያዋን አነሣች። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ያወቅነው በማግስቱ ነው፤ እሱንም ከሌላ ቦታ ጠይቀን። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አልተሰጣትም ነበር። ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራች! ለጽሞና ልምምድ ሁለት አንቀጽ ስትሰጡ ያገለገለ መርፌ ስለሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ አንድ ቃል አልተነፈሳችሁም።

ዘገባውን የምታርሙት ከሆነ የካርድ ክፍል፣ የላቦራቶሪና የጽዳት ሠራተኞችን ጠይቁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ አሠሪዎቻችን በሌሉበት።

ስሜን እንዳታወጡት አደራ። አምስት ብቻ ነን።