ይድረስ ለውድ አባቴ፦ መናገር ስለማይችሉት ሕሙማን

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእናቴስ ጉልበት ተሻላት? እኔና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አጎቴ ከደብረ ሲና ሲመለስ የላኩልኝን ምክር ስላደረሰኝ ነው። በሕመምተኛ ምክንያት ከሐኪም ጋር መከራከሬን ሰምተው «የእንጀራዋን ነገር ታስብ፤ ከአለቃ ጋር አትጋፋ» ማለትዎን ነግሮኛል። ስጋትዎ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገሩ ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የጽኑ ሕሙማን ነርስነት ሥራዬ ምን እንደሆነና ዝም ማለት የማልችለው ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚገቡት ብዙዎቹ በራሳቸው መተንፈስ ያቃታቸው ናቸው። ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር የሚያገናኛቸው ቱቦ በአፋቸው ገብቶ፣ በድምፅ አውታሮቻቸው መካከል አልፎ ወደ አየር ቧንቧቸው ስለሚወርድ፣ ነፍሳቸውን ባወቁ ጊዜ እንኳ አንዲት ቃል ማውጣት አይችሉም። ቱቦውን እንዳይነቅሉት እጆቻቸው ከአልጋው ጋር በጨርቅ የሚታሰሩበት ጊዜ አለ፤ የሚያስተኛ መድኃኒትም ይሰጣቸዋል። ጠማኝ፣ ጎኔን አመመኝ፣ ብርድ ልብስ ደርቡልኝ፣ ሚስቴን ጥሩልኝ የሚሉበት መንገድ ሁሉ ተዘግቶባቸዋል። ከራስጌያቸው ያለው ሞኒተር የልብ ምታቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና የኦክስጅናቸውን መጠን ይናገራል፤ ሥቃያቸውን ግን ሰው ካላነበበላቸው ማንም አያውቀውም።

ለዚህ ንባብ የተዘጋጀ መለኪያ አለ። የፊት መኮማተር፣ የክንድ መታጠፍ፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ከመሣሪያው ጋር ተስማምቶ መተንፈሱ ወይም መታገሉ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ተመዝነው ድምሩ ከ3 እስከ 12 ይሆናል፤ ከ5 ካለፈ ሰውዬው እየተሠቃየ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሐኪሙ ጠዋት ሕሙማኑን ዞሮ አይቶ፣ ትእዛዝ ጽፎ ወደ ሌሎች ሕሙማን ይሄዳል፤ ይህም ከሥራው ብዛት እንጂ ከቸልተኝነት አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን የምታገላብጠው፣ አክታውን በመምጠጫ መሣሪያ የምትስብለት፣ አፉን የምታጸዳለት፣ ከሆዱ የሚመለሰው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ራስጌውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጋ የምትጠብቀው ነርስ ግን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ናት። የእርሱን ነገር ከማንም በፊት የምታውቀው እርሷ ናትና፣ ያየችውን ካልተናገረች በዚያ ክፍል ውስጥ የሚናገርለት ሌላ ሰው አይገኝም።

አጎቴ የሰማው ክርክር እንዲህ ነበር። ወደ ኮየ ፈጬ አቅጣጫ ከሚሠራ ሕንፃ ላይ የወደቀ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ወደ ክፍላችን ገባ። አስታማሚ ሆኖ በር ላይ የሚቆምለት ዘመድ አልነበረውም፤ ያመጡት ሰዎችም የሚያውቁት ቅጽል ስሙን ብቻ ስለነበር በካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። የእግሩ ቁስል በሚታጠብበት ሰዓት ሐኪሙ «ራሱን ስለማያውቅ አይሰማውም» ብሎ ያለ ሕመም ማስታገሻ ጀመረ። የልጁ ፊት እንደተጨማደደ ቀረ፤ ክንዶቹ እስከ ጣቶቹ ድረስ ታጠፉ፤ ከመሣሪያው ጋር እየተጋጨ ያስል ጀመር፤ የልብ ምቱም አሻቀበ። መዘንሁት፤ 9 ሆነ። «ዶክተር፣ እባክዎ ጥቂት ይታገሡ፤ ሕመም እየተሰማው ነው፤ ሞርፊን ይዘዙለት» አልሁ። ተቆጣኝ። ድምፄን ሳላነሣ ደግሜ ተናገርሁ፤ ቁጥሩን ከነሰዓቱ በቻርቱ ላይ ጻፍሁ፤ ከዚያም ዋና ነርሷን ጠራሁ። በመጨረሻ መድኃኒቱ ታዘዘ፤ ፊቱ እስኪፈታ ከተጠበቀ በኋላ ቁስሉ ታጠበ። ያ ወጣት የባለጸጋ ልጅ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይለምን መድኃኒቱ ይቀድም ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ለእርስዎ የማስተባብለው ነገር የለኝም።

አባቴ፣ እርስዎ በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበሩበት ዘመን አንዲት መበለት በድንበሯ ጉዳይ ቀርባ አንደበቷ በተያዘ ጊዜ፣ ሌሎቹ ዳኞች ውሳኔ ይሰጥ ሲሉ እርስዎ «ቃሏ ሳይሰማ አልፈርድም» ብለው ቀጠሮ ማስተላለፍዎን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። በዚያ ቀን የተቀየሙዎትም ነበሩ። እኔ በአልጋው አጠገብ የምጠይቀው ከዚያ የሚበልጥ አይደለም፤ ያልተሰማ ወገን አለና ይሰማ ነው የምለው።

ይህ የእኔ የብቻዬ ጠባይ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል፤ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ የመጣው ይኸው ደንብ የነርስ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና አጀማመርም ቢሆን ከሕመምተኛው አጠገብ በመቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ የብዙዎችን መተንፈሻ ጡንቻ ባሰነፈ ጊዜ፣ መሣሪያው ስላልበቃ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ የአየር ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን ቀንና ሌሊት ያስተነፍሷቸው ነበር። እኛም አገር ቢሆን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ የነርስነትን ሙያ ተምረው ሕሙማንን በእጃቸው ማስታመማቸውን በልጅነቴ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሙያውን የወደድሁትም ያን ጊዜ ነው።

ስለ ሕመምተኛ መናገር ሁልጊዜ ከሐኪም ጋር መከራከር ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሐኪሞች ሲነገራቸው ይሰማሉ፤ የሚያመሰግኑም ብዙ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ድካሙ ከቤተሰብና ከወረቀት ጋር ነው። እኛ ያለንበት የከተማዋ ዳርቻ ስለሆነ ከገላን፣ ከዱከምና ከአቃቂ ዙሪያ ገጠሮች የሚመጡ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ። ስለ ቀዶ ሕክምናው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕክምና ቃላት ተነግሯቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው እንዲፈርሙ ሲቀርብላቸው፣ ራሳቸውን የሚነቀንቁት ስለገባቸው ሳይሆን ስለሚፈሩ ነው። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን አቆየውና ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ጠርቼ፣ ምን እንደሚደረግ፣ አደጋው ምን እንደሆነና እንቢ ማለትም እንደሚችሉ እንዲነግራቸው አደርጋለሁ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ በመሆኑ በመኪና አደጋ የተጎዱም ይመጡልናል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለመኪና አደጋ ተጎጂ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና ያለ ክፍያ እንዲሰጥ መደንገጉን ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ በር ላይ ብር ለመበደር ሲሯሯጥ አገኘዋለሁ። ገንዘቡ ለክፍላችን ወጪ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሆኖም መብታቸው ስለሆነ ሊነገራቸው ይገባል።

ጸበል ይዘው የሚመጡትንም ከሩቅ መመለስ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። እኔ ይህን አልወደውም። ቱቦ ያለበት ሰው ጸበል ቢጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ማጠጣት እንደማይቻል አስረድቼ፣ ልጁ ወይም ሚስቱ እጃቸውን ታጥበው ግንባሩን እንዲቀቡት፣ መሣሪያው እንዳይነካም አጠገባቸው ቆሜ እንድጠብቅ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ተስፋው ያለቀ ሕመምተኛ ሲሆን የንስሐ አባቱ ከመጠየቂያ ሰዓት ውጭም ቢሆን እንዲገቡለት፣ ለሙስሊሙም ቤተሰቡ አጠገቡ ሆኖ እንዲቀራለት እለምናለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ከመድኃኒቱ እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሰውዬው ቢናገር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ አባቴ፣ ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ቃል የምገባልዎ በአክብሮት እንደምናገር፣ የተናገርሁትንም ሁልጊዜ በጽሑፍ እንደማሰፍር ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ምክንያት እንጀራዬ አልተነካም፤ ዋና ነርሷም ከጎኔ ናት።

አሁን ደግሞ እኔ የምለምንዎ አለኝ። ደህና ሲሆኑ የግፊት መድኃኒትዎን እንደሚያቋርጡ እናቴ ነግራኛለች፤ እባክዎ አያቋርጡ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አንድ ቀን መናገር ቢያቅትዎ ከልጆችዎ መካከል ማን ስለ እርስዎ እንዲናገር ይሻሉ? ተስፋ በሌለበት ሁኔታ በመሣሪያ መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ ቤትዎ መሆን ይመርጣሉ? የንስሐ አባትዎስ መቼ ይጠሩ? ይህን የምጠይቀው ክፉ ተመኝቼ አይደለም። «አባታችን ቢጠየቅ ምን ይል ነበር?» እያሉ ወንድምና እህት በክፍላችን በር ላይ ሲጣሉ ስለማይ ነው። ለገና ስመጣ ታላቅ ወንድሜም ስለሚኖር ሁላችን ባለንበት ይንገሩን፤ እስከዚያ ያስቡበት። የመድኃኒት ማዘዣዎንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚመጣው አጎቴ ይስጡልኝ፤ እስከ ጥምቀት የሚበቃዎትን ገዝቼ በእርሱ እጅ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ