ክንፏ አልተሰበረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሰሜን አሜሪካ የዱር አእዋፍ ጎጆና አመጋገብ ባወጣችሁት ዘገባ፣ በፓርኪንግ ጠጠር ላይ ክንፏን የምትጎትተውን ኪልዲር የተባለች ወፍ «ክንፏ የተሰበረ ምስኪን ወፍ» ማለታችሁ አንሶ፣ እንቁላሎቿን በካርቶን ሰብስቦ ወደ እንስሳት መጠለያ ማድረስ ደግነት እንደሆነ መምከራችሁ ይህን ደብዳቤ አስጽፎኛል። የቀረውን በደስታ አንብቤዋለሁ።

ኪልዲር ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም። ገላጣ መሬት ጫር ጫር አድርጋ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላሎች ትጥላለች፤ እንቁላሎቹ ፈዛዛ ቡኒ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ስላለባቸው፣ ዓይኑ ያልለመደ ሰው ከጠጠሩ አይለያቸውም። ሰው ወይም ድመት ሲቀርባት ከጎጆዋ ትርቅና አንድ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ከጭራዋ በላይ ያለውን ብርቱካንማ ላባ ገልጣ ትጮኻለች። አሳዳጁ ተከትሏት በቂ ርቀት ከሄደ በኋላ ግን ያ «የተሰበረ» ክንፍ በተአምር ይድንና ብድግ ብላ ትበራለች። ዘጋቢያችሁ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ለማየት ትዕግሥት ያጠረው ይመስለኛል። ላም ወይም ፈረስ ሲመጣባት እንኳ እንዳይረግጥባት ላባዋን ነፍታ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች እንጂ ቆስያለሁ አትልም።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነኝ። ዘገባችሁ በግቢያቸው የወፍ ጥሬ የሚሰቅሉ ባለ ቪላዎችን ሲያነጋግር፣ ቀኑን ሙሉ ከዚህች ወፍ ጋር አንድ ጠጠር የምንረግጠውን፣ ብዙዎቻችንም የእናንተው አንባቢ የሆንነውን ሠራተኞች የጠየቀን የለም። ባለፈው ጸደይ ማናጀሬ እንቁላሎቹን ጠርገህ ጣል ሲለኝ ዙሪያውን ኮን ደርድሬ፣ የአንድ መኪና ቦታ አስከሰርህ ተብዬ የተወቀስሁት እኔ ነኝ። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ሲታቀፉ፣ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከእንቁላሎቹ በላይ ቆመው ጥላ ሲሆኑላቸው አይቻለሁ። ጫጩቶቹ ከ24 እስከ 28 ባሉት ቀናት ይፈለፈላሉ፤ ላባቸው እንደደረቀም ወላጆቻቸውን ተከትለው እየሮጡ ጥንዚዛና ሌላውንም ነፍሳት ራሳቸው ይለቅማሉ። በካርቶን የተሰበሰበ እንቁላል ግን ለዚህ ሳይደርስ ቀዝቅዞ ይቀራል፤ አዛኝ ቅቤ አንጓች ማለት ይህ ነው።

ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የፌዴራል የተሰዳጅ አእዋፍ ሕግ ያለ ፈቃድ እንቁላላቸውን መውሰድ ይከለክላል። የመኖሪያ ወረቀቱን የሚጠባበቅ አንባቢያችሁ ካርቶን ይዞ ቢገኝ፣ «ጋዜጣ ላይ አንብቤ ነው» ብሎ ያስረዳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 በካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ የአንድ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ በሚተከልበት ቦታ ኪልዲር እንቁላል ጥላ ስትገኝ፣ አዘጋጆቹ እንኳ ጎጆዋን ያዛወሩት የመንግሥት ፈቃድ አግኝተው ነው።

ስለዚህ እርማቱ የወፏ ፎቶግራፍ በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን እንዲታተም፣ ምክሩም የመፈልፈያው ወቅት ሳያልፍ በግልጽ እንዲሻር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ