ለሙሉጌታ፦ ስለ ግሪንላንድ የአሳ ድርጅት

ውድ ወንድሜ ሙሉጌታ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን አልፏል፤ አሁን በጣና ዙሪያ ካሉ የአሳ አስጋሪዎች ማኅበራት ጋር እንደምትሠራ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው የበረዶ ወራት ከዴንማርክ ተነሥቼ በዴንማርክ ሥር ሆና ራሷን ወደምታስተዳድረው ደሴት ወደ ግሪንላንድ ሄጄ ስለነበር፣ ሮያል ግሪንላንድ ስለሚባለው የመንግሥት የአሳ ድርጅት ልጽፍልህ ወደድሁ።

ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የግሪንላንድ መንግሥት ነው። ሥሩ በ1774 (ዓመቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ከተመሠረተው የዴንማርክ ንጉሣዊ የንግድ መሥሪያ ቤት ይመዘዛል፤ ያ መሥሪያ ቤት የደሴቲቱን ንግድ እስከ 1950 ድረስ በብቸኝነት ይዞ ቆይቷል። የዛሬው ኩባንያ ራሱን ችሎ አክሲዮን ማኅበር የሆነው በ1990 ሲሆን፣ ትርፉም ኪሳራውም 56,000 ያህል ለሚሆነው ሕዝብ ነው።

ለዚያ ሕዝብ አሳ ማለት የአገር ህልውና ነው። ከወጪ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከባሕር ይወጣል። በ1973 ከዴንማርክ ጋር ያለ ፈቃዳቸው የአውሮፓ ማኅበር (ኋላ የአውሮፓ ኅብረት የሆነው) አባል ሆነው ነበር፤ የባሕራቸው አሳ በሌሎች እጅ መመደቡ ስላንገበገባቸው በ1982 ድምፅ ሰጥተው በ1985 ወጡ። እኔ ይህን ውሳኔ እጅግ አከብራለሁ።

ኢሉሊሳት በምትባለው የግሪንላንድ ከተማ ያየሁትን ልንገርህ። አጥማጁ ውሾቹ በሚስቡት መንሸራተቻ ወደ በረዶው መሐል ይሄድና በረዶውን ይበሳል። ከዚያም ማባበያ የተሰካባቸው ብዙ መንጠቆዎች ያሉበትን ረጅም ገመድ ወደ ታች ይለቃል። ገመዱ ቀዳዳው ሥር ተከምሮ እንዳይቀር ጫፉ ላይ ስስ ብረት ታስሮበታል፤ ብረቱ ውኃውን እየቀዘፈ ገመዱን አግድም ወደ ሩቅ ይስበዋል። ከብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት የሚወጣው የግሪንላንድ ሃሊበት የሚባለው ጠፍጣፋ አሳ ነው። አጥማጁ እርሱን ጭኖ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ይመዘንለታል፣ ገንዘቡን ይቀበላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ያው ድርጅት ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ታላላቅ መርከቦች አሉት። የተያዘው እዚያው መርከቡ ላይ ተለይቶ፣ ገሚሱ ተቀቅሎ ገሚሱ ጥሬውን፣ እንደ በረዶ እስኪጠጥር ቀዝቅዞ ይታሸጋል። ይህ ሽሪምፕ መጀመሪያ ወንድ ሆኖ ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴት የሚሆን ፍጡር ነው፤ ስለዚህ ትልልቁ ብቻ ያለ ልክ ቢጠመድ የሚያልቁት እናቶቹ ናቸው። ኮታው፣ ማለትም እንዲጠመድ የሚፈቀደው መጠን፣ በጥንቃቄ መወሰን ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወንድሜ፣ የመንግሥት ድርጅት መሆን ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ መንገድ በሌለበት አገር የአንዲት ትንሽ መንደር ፋብሪካ ከተዘጋ፣ የዚያ መንደር አጥማጅ አሳውን ለማን ይሸጣል? ሒሳብ ብቻ የሚያይ ሰው ዝጉት ይላል፤ መንደሩን የሚያስብ ደግሞ ይቆይ ይላል። እንደ ፖላር ሲፉድ ያለ የግል ተፎካካሪ ስላለ ኪሳራን እያቻቻሉ መኖርም አይቻልም። እኔ ሚዛኔ ወደ መንደሩ ያደላል፤ ነገር ግን ለመንደሩ ሲባል የሚወጣው ወጪ ከንግዱ ሒሳብ ተለይቶ፣ ሕዝብ እያወቀው በመንግሥት በጀት ይሸፈን እላለሁ። ተደባልቆ ሲቀር ድርጅቱ ሰነፍ ይሁን ደግ ማንም መለየት አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ አጥማጆቹና አዳኞቹ የራሳቸው ማኅበር ያላቸው መሆኑና ማኅበሩ ስለ መሸጫ ዋጋ ከገዢዎች ጋር መደራደሩ ነው። በእናንተ ዘንድ የቀረሶውንና የአምባዛውን ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ማኅበሩ ነው ወይስ መኪና ይዞ የሚመጣው ነጋዴ? ማኅበራቱ ማቀዝቀዣ አላቸው ወይስ አሳው እንዳይበላሽ ሲሉ በተጠየቁት ዋጋ ይሰጣሉ? ይህን በዝርዝር ጻፍልኝ፤ እኔም ስለ ድርድሩ አካሄድ ያገኘሁትን ጽሑፍ ተርጉሜ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ
ዳዊት